ከህብለ ሰረሰር ጉዳት በኋላ ወደ ኑሮ መመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የህብለ ሰረሰር ጉዳት የደረሰበት ሰው ከሆስፒታል ሲወጣ ቤተሰቡ በእጁ የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ካርድ ነው። ቤት ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ማታ ማን ያገላብጠዋል? ሽንቱስ? ሥራውስ? ልጆቹስ? በተሀድሶ ሕክምና ሥራዬ ላይ በየጊዜው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ሰብስቤ እዚህ መልሻቸዋለሁ። ምክሩ ታካሚውን የሚያየውን ሐኪም አይተካም። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ አደጋው ከሚወስደው ባልተናነሰ ብዙ የሚወስደው ‹‹እስኪድን እንጠብቅ›› እየተባለ በአልጋ ላይ የሚያልፈው ጊዜ ነው። ወደ ኑሮ የመመለሱ ሥራ ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መጀመር አለበት።

ህብለ ሰረሰር ሲጎዳ በሰውነት ላይ ምን ይደርሳል?

ህብለ ሰረሰር ከአንጎል ተነሥቶ በአከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚወርድ የነርቭ ገመድ ነው። የአንጎልን ትእዛዝ ወደ ታች፣ የሰውነትን ስሜት ወደ ላይ ያመላልሳል። ገመዱ ሲጎዳ ከጉዳቱ በታች ያለው የሰውነት ክፍል ከአንጎል ጋር ያለው ግንኙነት በከፊል ወይም በሙሉ ይቋረጣል። አንገት ላይ የተጎዳ ሰው እጆቹም እግሮቹም ይዝላሉ፤ ደረት ወይም ወገብ ላይ ከሆነ እጆቹ ደኅና ሆነው እግሮቹ ይታዘዙት ዘንድ እምቢ ይላሉ። ቤተሰብ የሚያየው ይህንን ነው። የማይታየው ግን ይበልጣል፤ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር፣ የቆዳ ስሜት፣ የደም ግፊት፣ የሰውነት ሙቀት፣ የወሲብ ሕይወት ሁሉም ይነካሉ።

በአገራችን የመኪና አደጋ፣ ከሕንፃ ግንባታ መወጣጫ ወይም ከዛፍ ላይ መውደቅና የጥይት ጉዳት ዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች ናቸው። የአከርካሪ ቲቢም አለ። ለሳምንታት የቆየ የጀርባ ሕመም ከሌሊት ላብና ከክብደት መቀነስ ጋር ከመጣ፣ እግር ሳይዝል በፊት መመርመር ያስፈልጋል። በጊዜ የተደረሰበት የአከርካሪ ቲቢ በመድኃኒት ይታከማል፤ ብዙዎችም መልሰው ይራመዳሉ።

ወንድሜ አደጋ ከደረሰበት ሁለት ወሩ ነው። መቼ ነው የሚራመደው?

ከአደጋው በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ህብለ ሰረሰሩ ሥራውን አቁሞ ሊቆይ ስለሚችል በእነዚያ ቀናት የሚሰጥ ትንበያ አስተማማኝ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሐኪሞች ጉዳቱን ከ‹‹ኤ›› እስከ ‹‹ኢ›› ባሉ አምስት ደረጃዎች ይመድቡታል። ‹‹ኤ›› የሚባለው በፊንጢጣ አካባቢ ስሜትም ሆነ የመጭመቅ ኃይል ጨርሶ ሲጠፋ ነው። ሐኪሙ ጓንት አድርጎ በዚያ በኩል የሚመረምረው ለዚህ ነው፤ ቤተሰብ በምርመራው ቢያፍርም ወይም ቢቀየምም ስለ ወደፊቱ ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው። በዚያ ቦታ ጥቂት እንኳ ስሜት የቀረለት ሰው የተሻለ ተስፋ አለው።

የሚመለስ ኃይል አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ይታያል፤ ከዚያም ቀስ እያለ እስከ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ወንድምዎ ይራመድ እንደሆነ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚነግርዎትን ሰው አይመኑ፤ ‹‹በእርግጥ ይራመዳል›› የሚለውንም ሆነ ‹‹በቃ አለቀለት›› የሚለውን። ዛሬ በእጃችሁ ያለው ሥራ ግን የታወቀ ነው። መገጣጠሚያዎቹ እንዳይደርቁ በየቀኑ ማንቀሳቀስ፣ ክንዱን ማጠንከር፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገርን መለማመድ፣ ቆዳውንና ኩላሊቱን መጠበቅ። ይህ ቢራመድም ባይራመድም ይጠቅመዋል።

ወደ ወጌሻ ብንወስደውስ? ወደ ጸበልስ?

ወጌሻ፦ አይውሰዱት። የተሰበረ አከርካሪን ማሸት ወይም መጎተት የተረፈውንም ነርቭ ሊያጠፋ ይችላል።

ጸበል ግን የእምነት ጉዳይ ነውና ‹‹አትሂዱ›› አልልም። የምለምነው ጥንቃቄ ነው። አንገቱ ወይም የደረቱ የላይኛው ክፍል የተጎዳ ሰው የሰውነቱን ሙቀት በደንብ መቆጣጠር አይችልም፤ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቆይቶ በእርጥብ ልብስ መቀመጥ አደገኛ ነው። ፍራሹን፣ የሽንት ቱቦውንና መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ። በየሁለት ሰዓቱ ማገላበጡ እዚያም አይቋረጥ። በባዶ ወለል ወይም በስስ ምንጣፍ ላይ ሁለትና ሦስት ሌሊት ያደረ ሰው ለወራት የማይድን ቁስል ይዞ ይመለሳል። ለካህናቱም ሁኔታውን አስረዷቸው፤ አብዛኞቹ ይረዳሉ።

ቤታችንን ሸጠን ውጭ አገር የስቴም ሴል ሕክምና ብናስሞክር?

የስቴም ሴል ሕክምና ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ የሚችሉ ሴሎችን ወደ ሰውነት ማስገባት ነው። የተጎዳን ህብለ ሰረሰር እንደሚያድን በጥናት የተረጋገጠ የሴል ሕክምና እስካሁን የለም። ምርምሩ ቀጥሏል፤ ይሁን እንጂ በእውነተኛ ምርምር ላይ የሚሳተፍ ታካሚ ለሕክምናው በመቶ ሺዎች እንዲከፍል አይጠየቅም። ያ ገንዘብ ጥሩ ዊልቸር፣ ጥሩ ፍራሽ፣ የተስተካከለ መጸዳጃ ቤትና የሥራ መነሻ ይሆናል።

የአልጋ ቁስልን እንዴት እንከላከል?

ይህን መልስ አስታማሚዎች ሁሉ ደጋግመው ቢያነቡልኝ እወዳለሁ፤ ሊቀር ይችል በነበረ ቁስል ሰው ሲሞት ማየት እጅግ ከባድ ነው።

ጤነኛ ሰው ተቀምጦ ሲቆይ ይደክመዋል፣ ሳያስበው ይነቃነቃል። ስሜት የሌለው ቆዳ ግን አያስጠነቅቅም። አጥንት ከላይ፣ ፍራሽ ከታች ሆነው ቆዳውን ሲጫኑት ደም አይደርሰውም፤ ጥቂት ሰዓታት ይበቃሉ። ስለዚህ የተኛ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጥ፤ በጀርባ፣ በቀኝ ጎን፣ በግራ ጎን። በጎን ሲተኛ በጉልበቶቹ መካከል ትራስ ይግባ፤ ተረከዙ ፍራሹን እንዳይነካ ከባቱ ሥር የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይደረግ። ማን በስንት ሰዓት እንዳገላበጠው ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ብትጽፉ ‹‹አንተ አላገላበጥክም›› የሚለው ጭቅጭቅም ይቀራል። ሲገላበጥም ይነሣ እንጂ አይጎተት፤ አንሶላ ላይ መጎተት ቆዳን ይልጣል።

ዊልቸር ላይ የሚቀመጥ ሰው ደግሞ በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ወደ ፊት ወይም ወደ ጎን አዘንብሎ መቀመጫውን ለአንድ ሁለት ደቂቃ ማሳረፍ አለበት። በስልኩ ላይ ማስታወሻ ደወል ይሙላ።

ጠዋትና ማታ ቆዳው ይታይ። ጭራ አጥንቱ፣ የመቀመጫ አጥንቶቹ፣ ዳሌው፣ ቁርጭምጭሚቱ፣ ተረከዙ፤ ለብቻው ከሆነ በመስተዋት። በብዙ መጻሕፍት ‹‹የቀላ ቦታ ፈልጉ›› ይባላል፤ በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። በእጅ መዳፍ ጀርባ ዳስሱት፤ ከአካባቢው ይልቅ የሞቀ፣ የጠነከረ ወይም የጠቆረ ቦታ ካገኛችሁ ያ ቦታ ወደ ደኅና መልኩ እስኪመለስ ምንም ክብደት አይረፍበት። አትሹት። በውኃ የተሞላ ጓንትና የጎማ ቀለበት ከሥሩ ማድረግም ይቅር፤ ቀለበቱ በዙሪያው ያለውን ደም ያግዳል።

የእሳት ነገርም አለ። የከሰል ምድጃ ዳር ቡና ሲጠጣ እግሩ ሲቃጠል ያልታወቀው፣ ትኩስ ብርጭቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቆዳው የተላጠ ሰው ብዙ ነው። ጀበናውም ብርጭቆውም በጠረጴዛ ወይም በሳህን ላይ ይሁን።

ሽንትን በተመለከተ የቱ ዘዴ ይሻላል?

እጁ ለሚሠራ ሰው ተመራጩ የሽንት ቱቦውን በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ወደ ፊኛ አስገብቶ፣ ሽንቱን አስወጥቶ፣ ቱቦውን መልሶ ማውጣት ነው። አሜሪካዊው ሐኪም ጃክ ላፒደስ ይህን ዘዴ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲያስተዋውቁ ብዙዎች የተጠራጠሩት የቀዶ ሕክምና ያህል ንጽሕና ሳይኖር ኢንፌክሽን ይበዛል ብለው ነበር። ትልቁ ጠላት በፊኛ ውስጥ ተጠራቅሞ የሚቆየው ሽንት መሆኑ ግን በሥራ ታየ። እጅን በሳሙና ታጥቦ በንጹሕ ቱቦ መሥራት ለቤት ይበቃል። በአንድ ጊዜ የሚወጣው ከ500 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚጠጣውን ውኃ በቀኑ ላይ ማከፋፈል ይጠቅማል።

ቱቦው ተተክሎ የሚቆይ ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው በታች ይሁን። ታክሲ ውስጥ ሰው እንዳያየው ብለው ከረጢቱን ጭን ላይ የሚያስቀምጡ አሉ፤ የቆየው ሽንት ወደ ኋላ ይመለሳል። ከእግር ጋር የሚታሰር ትንሽ ከረጢት ከሱሪ ወይም ከቀሚስ ሥር አይታይም። ቱቦው ሆስፒታሉ በነገራችሁ ጊዜ ይቀየር።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ከወትሮው የባሰ የእግር መንቀጥቀጥ፣ የደፈረሰና የሚሸት ሽንት አንድ ላይ ከመጡ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሕመም ሳይኖር ምርመራው ባክቴሪያ ስላሳየ ብቻ አንቲባዮቲክ መውሰድ ግን መድኃኒቱ ነገ በሚያስፈልግበት ቀን እንዳይሠራ ያደርጋል።

ሰገራውስ? ጾምስ መጾም ይችላል?

አንጀት ሰዓት ይለምዳል። በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ በአንድ ሰዓት፣ ምግብ ወይም ትኩስ ነገር ከተወሰደ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በኋላ፣ በተቻለ መጠን ተቀምጦ። እንደ ጉዳቱ ዓይነት በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒት ወይም በጓንት ጣት መቀስቀስ ያስፈልጋል፤ ነርሷ ታሳያችሁ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፍራፍሬ ይረዳሉ።

ስለ ጾም የምሰጋው ስለ ውኃው ነው። ለረጅም ሰዓት ውኃ አለመጠጣት ሽንትን ያጠቁራል፣ ጠጠርና ኢንፌክሽን ይጋብዛል፣ ሰገራን ያደርቃል። ምግቡን የጾም ማድረግ አያስቸግርም፤ ውኃ ጨርሶ ማቆሙን ግን ከንስሐ አባት ወይም ከሼኹ ጋር ይነጋገሩበት። ለታመመ ሰው በሁለቱም እምነት ፈቃድ አለ።

በድንገት ራሱን እያመመው ፊቱ በላብ ይጠመቃል። ምንድን ነው?

ከደረቱ መካከለኛ ክፍል በላይ የተጎዳ ሰው ከሆነ ይህ ድንገተኛ ሁኔታ ነው፤ የደም ግፊት ከወትሮው በ20፣ በ40 ወይም ከዚያ በላይ ይዘላል። የእነዚህ ሰዎች የዘወትር ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ መለኪያው ላይ ‹‹130 ነው፣ ደኅና ነው›› የሚል ሰው እንዳያዘናጋችሁ። ወዲያው ቀና አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ እግሩን ዝቅ አድርጉ፣ ቀበቶና ጠባብ ልብስ አላሉ። ከዚያ መንስኤውን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የታጠፈ ወይም የተደፈነ የሽንት ቱቦ ነው፣ ቀጥሎ የተጠራቀመ ሰገራ፣ ቁስል፣ የጫማ ጥብቀት፣ ወደ ውስጥ ያደገ ጥፍር። በደቂቃዎች ውስጥ ካልበረደ ወደ ድንገተኛ ክፍል። እዚያ ያለው ባለሙያ ሁኔታውን ላያውቅ ስለሚችል የጉዳቱን ቦታና የዘወትር የደም ግፊቱን በካርድ ላይ ጽፎ መያዝ ሕይወት ያተርፋል።

ዊልቸር ከየት እናገኛለን? ማንኛውም ዊልቸር ይሆናል?

ማንኛውም አይሆንም። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ የሚታየው ሰፊና ከባድ ዊልቸር በሽተኛ ለማጓጓዝ የተሠራ እንጂ ሰው ውሎ የሚኖርበት አይደለም። ወርዱ ከዳሌው ጋር የሚመጣጠን፣ የእግር መርገጫው ጉልበትና ዳሌን በትክክል የሚያስቀምጥ፣ ከሁሉም በላይ ደኅና ትራስ ያለው ይሁን። ትራስ የሌለው ዊልቸር ቁስል ያመጣል።

በደሴ፣ በባሕር ዳር፣ በመቐለ፣ በአርባ ምንጭና በነቀምት የአካል ተሀድሶ ማዕከላት አሉ፤ ለዘርፉ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ድጋፍ ለብዙ ዓመታት ቆይቷል። መናገሻ ያለው የቼሻየር የአካል ተሀድሶ አገልግሎትም አንጋፋ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ‹‹አዲስ ጉዞ›› የተባለው ድርጅት ዊልቸር ይጠግናል፣ ያስተካክላል፣ ያድላል። ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ የሪፈራል ወረቀት ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቁ።

ቤታችንን ምን ምን እናስተካክል?

ከመጸዳጃ ቤቱ ጀምሩ፤ ሰው ክብሩን የሚያጣውም የሚመልሰውም እዚያ ነው። ጉድጓድ መጸዳጃ ከሆነ መካከሉ የተቆረጠ ጠንካራ ወንበር አሠርታችሁ ጠርዙን በስፖንጅ ሸፍኑት። ወደ በሩ የሚያወጣው መወጣጫ ለእያንዳንዱ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 120 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ ከዚያ ካጠረ ብቻውን አይወጣውም። የበሩ ክፍተት 80 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ቢሆን መልካም ነው። የብረት በሩን የታችኛውን ደፍ ማስቆረጥ ለአንድ ብየዳ ሠራተኛ የአጭር ሰዓት ሥራ ነው።

ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ቤቱን አከራይታችሁ ምድር ላይ ተከራዩ። ሰው ተሸክሞ ማውጣት ማውረድ ለሳምንት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው መውጣቱን ራሱ ይተወዋል።

ለምታበስል ሴት ምድጃውን ዝቅ ባለ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ማድረግና ከሥሩ ለጉልበቷ ክፍት ቦታ መተው ይበቃል። ‹‹አንቺ አትድከሚ›› ብሎ ማድ ቤቷን መዝጋት ግን አይጠቅማትም።

ትዳርና ልጅ ይቻላል?

ይቻላል። በሴቶች የወር አበባ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ወራት በኋላ ይመለሳል፤ ማርገዝም መውለድም ይቻላል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተጎዳች ሴት በምጥ ጊዜ ከላይ የጠቀስኩት የደም ግፊት መዝለል ሊያጋጥማት ስለሚችል ሆስፒታል መውለድ አለባት። በወንዶች ለብልት መቆም የሚረዱ መድኃኒቶች አሉ፤ የልብ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆኑ ስለሚችሉ ያለ ሐኪም አይጀመሩ። የዘር ፈሳሽ አለመውጣት የተለመደ ችግር ነው፤ ለእርሱም ሕክምና አለ። ባለትዳሮች ይህን ጥያቄ ሐኪሙ እንዲያነሣላቸው እየጠበቁ ዓመታት ያልፋሉ። እናንተ አንሡት።

ከክፍሉ መውጣት አይፈልግም፤ ሰው ሲመጣም ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። ምን እናድርግ?

ሐዘኑ ሐዘን ነውና ጊዜ ይስጡት። እንቅልፍና ምግብ ሳምንታት ከራቁት፣ ‹‹ብሞት ይሻለኝ ነበር›› ካለ ግን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ ዛሬውኑ ይየው። ይህ ሕመም ይታከማል።

ከእኔም ከሐኪሙም በላይ የሚሰማው ሰው አለ፤ ከእርሱ በፊት ተጎድቶ ዛሬ በዊልቸር ሥራ የሚውል ሰው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትንና የተሀድሶ ማዕከላትን ጠይቃችሁ እንዲህ ያለውን ሰው ቤት ጋብዙት፤ ብቻቸውንም ተዉአቸው። እናንተ ፊት የማይጠይቀውን እርሱን ይጠይቀዋል።

የአበበ ቢቂላንም ነገር አንሡለት። ሁላችንም በሮም በባዶ እግሩ መሮጡን እናውቃለን። በ1961 ዓ.ም. ሸኖ አካባቢ በደረሰበት የመኪና አደጋ አንገቱ ላይ ተጎድቶ ከዚያ ወዲህ በእግሩ አልሄደም። የታከመው እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ነው፤ ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የህብለ ሰረሰር ክፍል የከፈቱበት፣ በ1948 ደግሞ 16 ጉዳተኛ ወታደሮችን በቀስት አወዳድረው ለዛሬው ፓራሊምፒክ መሠረት የጣሉበት ቦታ ነው። አበበም ክንዱ ሲበረታ እዚያው በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። በዓለም ታላቅ የነበረ ሯጭ እግሩን አጥቶ ወደ ውድድር ሲመለስ ክፍል ውስጥ ተዘግቶ አልነበረም።

እድሩ፣ ዕቁቡ፣ የጽዋ ማኅበሩ ስብሰባ በዚህ ወር እናንተ ቤት ይሁን። ቀጥሎ እርሱ ወደ እነርሱ ይሄዳል። ‹‹እርሱን አናድክመው›› ተብሎ ከለቅሶና ከሠርግ የሚቀር ሰው ቀስ በቀስ ከሰው ቁጥር ይወጣል። የእድሩ ዳኛ ስሙን ጠርቶ ሥራ ይስጠው፤ መዝገብ መያዝ፣ ገንዘብ መሰብሰብ።

ሥራና ካሳን በተመለከተ ሕጉ ምን ይላል?

በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው የሕክምናውንና የአካል ድጋፍ መሣሪያውን ወጪ ይሸፍናል፤ የጉዳት ካሳም አለ። የቀን ሠራተኞች ‹‹የተፈረመ ውል የለኝም›› ብለው ዝም ይላሉ። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። አብረውት የነበሩትን ሠራተኞች ስምና ስልክ፣ የሕክምና ማስረጃውንና ፎቶግራፎችን ሳይዘገይ ይሰብስቡ።

የመኪና አደጋ ከሆነ የፖሊስ ሪፖርት ያውጡ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተሽከርካሪ ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ይገደዳል፤ መኪናው ካመለጠ ወይም መድን ከሌለው ለተጎጂው ካሳ የሚከፍል የመድን ፈንድ አለ።

ወደ ሥራ ለመመለስ አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪዎች በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያገልሉና የሥራ ቦታውን እንዲያመቻቹ ያዝዛል። የሕንፃ አዋጁ ደግሞ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች ለዊልቸር ምቹ እንዲሆኑ ይጠይቃል። ሁለቱም በወረቀት ላይ እንዳሉት እንደማይፈጸሙ እኔም በየቀኑ አያለሁ፤ ሆኖም የአዋጁን ቁጥር ጠቅሶ በጽሑፍ የጠየቀ ሰው ከማይጠይቀው ይልቅ መልስ ያገኛል። ጥያቄው ለድርጅቱ የሰው ኃይል ክፍል ይቅረብ፤ ቅጂው በእጃችሁ ይቅር።

እኔ አስታማሚዋ እህቱ ነኝ። ደክሞኛል፤ መናገርም ያሳፍረኛል።

አይፈሩ፤ ይህ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም። በየሁለት ሰዓቱ ሌሊት የሚነሣ ሰው ይታመማል። ወንድሞች ካሉ የሌሊቱን ተራ ይከፋፈሉ፤ ማስታመም የሴት ብቻ ግዴታ አይደለም። ጎረቤትና ዘመድ ‹‹ምን እናግዝ?›› ሲሉ ‹‹ቅዳሜ ከሰዓት አብራችሁት ዋሉ›› ይበሏቸው። ወገብዎን ለማትረፍም ከአልጋ ወደ ወንበር የሚያሻግር ሰሌዳ አጠቃቀም ከፊዚዮቴራፒስቱ ይማሩ። እርሱም ራሱ መሥራት የሚችለውን፣ ቢዘገይም፣ ይሥራ፤ ሸሚዙን ለመልበስ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበት ይፍጅ።

ክትትሉ እስከ መቼ ነው?

እስከ ዕድሜ ልክ። በዓመት አንድ ጊዜ የኩላሊት አልትራሳውንድና የደም ምርመራ ይደረግ፤ ክብደቱ ይታይ፤ ዊልቸር በመግፋት ብዛት የሚመጣው የትከሻ ሕመም ሳይባባስ ይነገር። ለመንቀጥቀጡ ባክሎፌን የሚወስድ ሰው ክኒኑ ከማለቁ ከሳምንት በፊት ያስሞላ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።